ወፍራሙን ዘይት ያወረድኩለት እኔ ነኝ

ሚዛን ከተማ ውስጥ የመኪና ዕቃ መሸጫ ሱቅ እሠራለሁ። አሥራ ሁለተኛን ከጨረስኩ ወዲህ የተማርኩት ነገር ቢኖር ዘይት ነው። እዚህ ሾፌር የሞተር ዘይት ሲገዛ ጽሑፉን አያይም። ጠብታ ይቀበልና በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሃል ያሸዋል። ጣቱ ላይ ከከበደ "ይሄ ነው ዘይት" ይላል፤ ከቀጠነ ይመልሰዋል። የቴፒን መንገድ ዳገትና ሙቀት የሚችለው ወፍራም ብቻ ነው ብለው ያምናሉ። ለአሮጌ የጭነት መኪና እውነታቸውን ነው።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቡና በሰው መኪና ሲያመላልስ ኖሮ አምና የራሱን ገዛ። ለሞተሩ አየር እየገፋ ጉልበት የሚጨምር ቱርቦ ያላት፣ ዳገቱን እንደ ሜዳ የምትበላ ፈጣን መኪና። ኮንትራት እየሠራባት ሊያረጅ ነበር ሐሳቡ። እናቴ ከሞተች በኋላ ሲስቅ ያየሁት ያን ሰሞን ብቻ ነው።

ዘይት ሊቀይር ሲመጣ ሱቁ በሾፌሮች ተሞልቶ ነበር። የሞተሯ ክዳን ላይ 5W-30 ስለሚል እሱን፣ ቀጭኑን ዘይት፣ አወጣሁለት። በጣቱ አሸት አደረገና ፊቱን አጨማደደ።

"ይሄማ ውሃ ነው። ወፍራሙን ስጪኝ።"

"አባባ፣ የቱርቦው የዘይት መተላለፊያ ጠባብ ነው። ወፍራም ቶሎ አይደርሰውም። ክዳኑ ላይ ተጽፏል እኮ።"

"አንቺ ሳትወለጂ ነው መንዳት የጀመርኩት።"

"መንዳቱንማ ትነዳለህ። ማንበብ ነው ያቃተህ።"

"ጋሼ፣ መንጃ ፈቃዱን ለእሷ ያስረክቡ!" አለ አንዱ ሾፌር። ሁሉም ሳቁ።

አባቴ ስሙን ከመጻፍ በላይ ፊደል እንደማያውቅ ከቤታችን ውጪ የሰማ ሰው አልነበረም።

"ወፍራሙን አልኩሽ" አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። ውጪ ጠርቼ ቀስ ብዬ ባስረዳው ይሰማኝ ነበር። አውቀዋለሁ። ግን ተናድጃለሁ። ወፍራሙን ከመደርደሪያው አወረድኩና "እንካ! ሞተሩ ሲነድ እንዳትጠራኝ" ብዬ ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩለት።

ሁለት ወር አልሞላም። መጀመሪያ ሰማያዊ ጭስ ማጨስ ጀመረች። ከዚያ አንድ ቀን ከቴፒ ሲመለስ ዳገት ላይ ቱርቦው ተሰበረ፤ ዘይቷን ሁሉ ተፋች፤ ሞተሩ ደርቆ ተጣበቀ። መካኒኩ ፈታትቶ አየና ተስፋ እንደሌላት ነገረው። እየተፈታች በቁራጭ ተሸጠች። አባቴም በዚህ ዕድሜው ተመልሶ የሰው ጭነት መኪና ላይ ወጣ።

ባለፈው ለአሠሪው የፍሬን ዘይት ሊገዛ ሱቁ መጣ። ያ ቀልደኛ ሾፌርም ነበር።

"ጋሼ፣ ዘይቱን የሸጠችልዎት ልጅዎ ናት አሉ?"

"እሷማ ነግራኛለች" አለ አባቴ። "ለምናኛለች። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።"

አልለመንኩትም። ሰው ሁሉ ፊት አዋረድኩት እንጂ መቼ ለመንኩት? አፌን መያዝ የማላውቀው እኔ እውነቱን መናገር አቃተኝ። የፍሬን ዘይቱን በፌስታል አድርጌ ሰጠሁት።

"እግዜር ይስጥሽ" አለኝና ወጣ።