ኮርኒሱ ላይ የቀረው ጭስ ማውጫ

ራስ ምታት ይዟችሁ፣ ምክንያቱን ሳትፈልጉ በአገሩ በታወቀው በሽታ አመካኝታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አመካኝቻለሁ። ሸዋ ሮቢት ላይ ራሱን ያመመው ሰው «ወባ ናት» ይላል፤ ያስመለሰውም፣ ሥራ ያስጠላውም እንደዚያው።

ክልል የሚለው ቃል ገና ለአፋችን አዲስ በነበረበት ጊዜ ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጣሁና ዕጣዬ ቆላ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ወረደ። የደብረ ሲና ልጅ ነኝ፤ ጋቢ ለብሶ ያደገ ሰው ለዚያ ሙቀት አልተሠራም። የተከራየሁት በከተማው ዳር፣ መብራት ገና ባልደረሰበት ሰፈር፣ ሽንኩርትና ማሾ የሚያመርቱ ባልና ሚስት ቤት ነበር። ባልየውን ጋሼ፣ ሚስትየውን እትዬ እላቸዋለሁ።

ጋሼ የስኳር ሕመምተኛ ነበሩ። በየቀኑ የሚወጉት ኢንሱሊን በዚያ ሙቀት ውጭ ከዋለ ይበላሻል። ስለዚህ ሥራውን ጨርሶ ከሚነሣ የመንገድ ሥራ ካምፕ በሲሊንደር ጋዝ የሚሠራ ፍሪጅ ገዝተው ሳሎናቸው አቁመዋል። ለማያውቀው ላስረዳ፦ ከፍሪጁ ሥር ቀንም ሌሊትም የምትነድ ትንሽ ሰማያዊ ነበልባል አለች። እሳት ያቀዘቅዛል ብዬ ስናገር ተማሪዎቼ ስቀውብኛል፤ ነገሩ ግን እውነት ነው። የተቃጠለው አየር ከፍሪጁ ጀርባ በቀጭን ቧንቧ ይወጣል፤ በላዩ የተደፋ የቆርቆሮ ቆብ ይቀበለውና ወደ ዋናው ጭስ ማውጫ ይሰደዋል።

በጋውን ማንም አልታመመም። በሙቀቱ ወራት አልጋችንን ግቢ አውጥተን ነው የምንተኛው፤ በሩም ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። ክረምት ሲገባ ግን ዝናቡ ወደ ቤት ከተተን። ትንኝ እንዳትገባ እትዬ የመስኮቱን ስንጥቅ በጨርቅ ወተፉ፣ የበሩን ሥር በማዳበሪያ ከረጢት ዘጉ። ሳምንት ሳይሞላ ጋሼ ጠዋት ጠዋት ራሳቸውን ይዘው መነሣት ጀመሩ። ክፍሌን ከሳሎኑ የሚለየው ስስ የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ነውና እኔንም ያመኝ ጀመር።

ጋሼ ጤና ጣቢያ ሄደው ደማቸው ታየ፤ ወባ የለም።

«ተደብቃበት ነው እንጂ አለች» አሉ እትዬ፤ ስንጥቁንም ይበልጥ ጠቀጠቁት።

ትምህርት ቤቱ ለክረምት ተዘግቶ እኔ መጻሕፍት ለመመዝገብ ቀርቼ ነበር። ልማዴ ነውና የሚያመኝንና የሚተወኝን ሰዓት በደብተር ጻፍኩ። ከቤት ወጥቼ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይተወኛል፤ ስመለስ ይመጣል። ወባ ደግሞ በር ላይ ቆማ አትጠብቅም። በርጩማ ላይ ወጣሁና የኮርኒሱን ጨርቅ ገለጥ አደረግሁ። ጭስ ማውጫው ከኮርኒሱ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ከጣራው ቆርቆሮ በታች ቀርቷል!

«እትዬ፣ ይህ ነገር ከጣራ በላይ አይወጣም እንዴ?»

«አዲስ ቆርቆሮ ይበሳል እንዴ ልጄ? ዝናቡን ና ግባ ልበለው?»

«የሚወጣው እኮ መርዝ ነው።»

«የቱ ጭስ? እኔ ዕድሜዬን በእንጨት ጭስ ያለቀስኩ ሰው ነኝ፤ ጭስ አታስተምረኝ። ይኼ ጭስ የለውም።»

ጋሼ ከተኙበት ሆነው፣ «ተይው፤ ተማሪ ቢያጣ ፍሪጁን ሊያስተምር ነው» አሉ።

እትዬ ሳቁና ወዲያው ፊታቸው ተለወጠ። «ላጥፋው ብልስ፣ የሱን መድኃኒት በምን ላቆየው?»

 አየር ያጠረው ነበልባል የሚያወጣው መርዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታም ቀለምም ስለሌለው በቃል ማስረዳት አይሆንም። በርና መስኮቱን እንደ ሌሊቱ ዘጋሁና የጥጥ ክር ለኩሼ የክሩን ነበልባል አጠፋሁት፤ የሚጨሰውን ጫፍ ከቆቡ ጠርዝ አስጠጋሁ። ወደ ላይ መሳብ የነበረበት ጭስ ተመልሶ ወደ እትዬ ፊት ወረደ።  እሳቸውም የወተፉትን ጨርቅ በገዛ እጃቸው ነቅለው መስኮቱን ከፈቱት።

«እኔው ነኝ የዘጋሁበት» አሉ።

ጋዙን ዘግተን መድኃኒቱን በእርጥብ ጨርቅ በተጠቀለለ የሸክላ እንስራ ውስጥ አኖርነውና ቆርቆሮ ሠሪ ጠራን። ሰውየው መጥተው ጣራውን ሲያዩ፣ «አብሽሪ እትዬ፣ ኢንሻአላህ ጠብ አይልም» አሏቸው። ቧንቧውን ሳያጣምሙ ቀጥ አድርገው ከጣራው ጫፍ በላይ አወጡት፤ ዝናብ እንዳይገባ ኮፍያ ደፉለት። የኮርኒሱ እንጨትና ጨርቅ እንዳይነካው ዙሪያውን ክፍተት ተዉ። የበሩን ሥር ቆርጠውም ነበልባሏ የምትተነፍስበት፣ በወንፊት ሽቦ የተሸፈነ ቀዳዳ አበጁ። ፍሪጁ እንደገና ሲበራ ክሩን አስጠጋሁ፤ ጭሱ ሽው ብሎ ወደ ላይ ገባ።

በሚቀጥለው ዶፍ ጣራው ጠብ አለ። እትዬ ጣሳ ደቀኑበትና፣ «ኢንሻአላሁን ይኸው!» እያሉ እስኪጠገን ድረስ ሰውየውን ሲያሙ ከረሙ። ጋሼ ግን ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ራሳቸውን ሳይዙ ተነሥተው ሽንኩርታቸውን ለማየት ይወጡ ነበር።

እቤታችሁ ጭስ ማውጫ ያለው የጋዝ ዕቃ ካለ ዛሬውኑ ሞክሩት። በመጀመሪያ አሽትቱ፤ ጋዝ ከሸተታችሁ ክብሪት አትጫሩ፣ ዘግታችሁ ውጡ። ካልሸተታችሁ በርና መስኮት ዘግታችሁ ዕቃውን አሥር ደቂቃ ያህል አንድዱና የሚጨስ ክር ከቆቡ ሥር አስጠጉ። ጭሱ ወደ እናንተ ከመጣ አጥፉት፣ መስኮቱን ክፈቱ፣ ባለሙያ ጥሩ። ለጠብታው የሚደቀነውን ጣሳ ኋላ ታስቡበታላችሁ።