የተሰረዘው የጦይባ መልስ

ይህን ነገር ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርሁም። በየዓመቱ ፊታቸው ቀርቤ ቁጣዬን፣ ሐሜቴን፣ ጾም መግደፌን ሳይቀር ዘርዝሬያለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን አልፌዋለሁ። ፊልም ነው፣ ኃጢአት አይደለም ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር። ዛሬ ለማላውቃችሁ አንባቢዎች የምናገረው ድፍረት አግኝቼ አይደለም። ፊልሙ ሰሞኑን በቴሌቪዥን እንደገና ታየ፤ እኔም አይቼው በንዴት ታመምሁ።

ኮሜዲ ነው። ስሙን አልጠራም፤ መጠራት አይገባውም። ማስታወቂያው ስለ ሰውነት ቅርጽና በራስ ስለ መተማመን ያስተምራል ይላል። አንዲት ወፍራም ልጅ አለች። ወፍራምስ አይደለችም፤ ቀሚሷ ሥር ስፖንጅ የጠቀጠቁባት ቀጭን ተዋናይት ናት። በተቀመጠች ቁጥር ወንበር ይሰበራል፤ ሦስት ወንበር ቆጥሬያለሁ። ይሰድቧታል፣ ታለቅሳለች። ደግመው ይሰድቧታል፣ ደግማ ታለቅሳለች። በመጨረሻ አንድ ባለመኪና ጎረምሳ መስታወት ፊት ያቆማትና በራስሽ ተማመኚ ይላታል፤ እሷም እዚያው ትተማመናለች። ከአንድ ሰዓት በላይ በገላዋ ሲያስቁብን ቆይተው፣ ሊያበቁ ሲሉ በሰው ገላ አይሳቅም ብለው ይመክሩናል። ይህ ምን ዓይነት ትምህርት ነው? በማንስ ላይ ነው የሚቀልዱት? እያልሁ ቤቱን በጩኸት ሞላሁት። ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ «የጻፍኸውስ አንተ አይደለህ? በማን ላይ ነው የምትጮኸው?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ስሜ መጨረሻው ላይ በትንንሽ ፊደላት ያልፋል። እሷ የማታውቀው ግን ሌላው ነው።

ያቺ ልጅ ከሰማይ አልወረደችም፤ ጦይባ ናት። ጦይባ ቆቦ ገበያ ሽንኩርት የምትሸጥ ጎረቤታችን ነበረች፤ በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ እያልሁ ነው ያደግሁት። ግዙፍ ሴት ናት። በእኛ አገር ሰርግ የወንዱ ወገን ሙሽራ ሊወስድ ሲመጣ የሴቷ ወገን በሩን ይዞ ይቆማል፤ ሁለቱ ወገኖችም በዘፈን ይሰዳደባሉ። ስድቡ ደንብ አለው። ሰው በስድቡ ይስቃል፤ ነገር ግን የተሰደበው እስኪመልስ ድረስ ማንም ሌላ አይጨምርበትም። መልሱን ሳይሰማ የሄደ ሰው ሰርጉን እንዳልበላ ይቆጠራል። ጦይባም ሽንኩርቷን ጥላ በየሰርጉ የምትጠራው ለመልሷ ነበር።

እኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኜ ለዕረፍት በመጣሁበት ዓመት፣ ከዒድ በኋላ ይመስለኛል፣ አንድ ሰርግ ነበር። የሙሽሪት ስም ጠፍቶብኛል። ከዋጃ የመጣው ሚዜ ግን ዛሬም ይታየኛል፤ ጦይባ በሩን ሞልታው ስትቆም አይቶ እንዲህ አወረደባት፦

ይችን ጎተራ ማነው በር ላይ የተከለብን፣
ሙሽሪት የት ትታይ፣ ደጁን ዘጋችብን።

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ጸጥ አለ፤ ሁሉም እሷን ማየት ጀመረ። እሷ አልቸኮለችም። ሻሿን አጠበቀች፣ ወገቧን ይዛ ሚዜውን ከእግር እስከ ራሱ ለካችው፣ ከዚያም፦

ጎተራስ ጎተራ ነኝ፣ ማሽላ የሞላብኝ፣
ርቦት የመጣ ነው ቆሞ የሚስቅብኝ።

ሚዜው ራሱ እያጨበጨበ ተሸነፈ። ማዕድ ላይ ጠርታ በእጇ አጎረሰችው፤ «ብላ እንግዲህ፣ ጎተራው ተከፍቷል» ስትለው ጉርሻው እስኪያንቀው ሳቀ። እኔ ግጥሞቹን ሁለቱንም ማስታወሻዬ ላይ ጻፍሁ።

ከዓመታት በኋላ አዲስ አበባ ላይ ከአንድ የፊልም አዘጋጅ ጋር ስሠራ ያንን ሰርግ አወጣሁለት። ወደደው። በመጀመሪያው ረቂቅ ልጅቱ ትሰደባለች፣ ትመልሳለች፣ ታሸንፋለች። በሁለተኛው ረቂቅ መልሱ የለም።

ማን አወጣው? አዘጋጁ ሲጋራውን እያጠፋ «አስቀድማ በራሷ የምትተማመን ከሆነ ፊልሙ ስለ ምን ሊሆን ነው?» ሲል ይሰማኛል። ድምፁን እሰማዋለሁ፤ ሲጋራውንም አየዋለሁ። ነገር ግን ያ ሰው ሲጋራ አያጨስም ነበር። ታዲያ ይህን ሁሉ ማን ፈጠረልኝ? በሌላ ቀን ደግሞ ያንኑ ዐረፍተ ነገር በራሴ አፍ፣ በራሴ የተማረ አነጋገር እሰማዋለሁ። ረቂቁን ፈልጌ አገኘሁት። የጦይባ መልስ ላይ ሁለት ጊዜ መስመር ተጎትቶበታል፤ በኅዳጉም «እዚህ ላይ ታልቅስ» ተብሎ ተጽፏል። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው። አዘዘኝ ይሆን? እየተባልሁ ጻፍሁ ይሆን? ይህን እያልሁ ዓመታት ተሸሽጌያለሁ። ጥርጣሬዬም ታማኝነት አይደለም፤ መደበቂያዬ ነው። ሰረዝሁ። እኔ ሰረዝሁ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ስሰርዘው ለእሷ ያዘንሁ መምሰሌ ነው። ወፍራም ሴት በገላዋ ታፍራለች፣ ሳቋም ሕመሟን መሸፈኛ ነው የሚል ንድፈ ሐሳብ በደንብ ተምሬያለሁ። ዓይኔ ያየው ሌላ፣ ያነበብሁት ሌላ ሲሆን ያነበብሁትን አመንሁ። ያላፈረችውን ሴት አሳፈርኋት፤ ያላለቀሰችውን አስለቀስኋት፤ ከዚያም ባለመኪና ልኬ አጽናናኋት። በራሷ እንድትተማመን የማስተምራት እኔ ማን ሆኜ ነው? በሕይወቴ አንድ ጊዜ እንኳ ለተሰነዘረብኝ ስድብ ቆሜ መልሼ የማላውቅ እኔ?

ፊልሙ ቆቦ ደረሰ። ሰዉ በጎተራው ስድብ ጦይባን አወቃት። በጎብዬ አንድ ሰርግ ላይ ምን እንደ ሆነ እህቴ ነገረችኝ። ከወንዱ ወገን አንዱ ጎተራ ብሎ ጀመረ። ጦይባ እንደ ልማዷ ሻሿን አጠበቀች። በዚህ ጊዜ ግን ማንም ጸጥ አላለም። ጎረምሶቹ አንድ ላይ እንደ ተዋናይቷ እየተነፋረቁ፣ የወንበር መሰበር ድምፅ በአፋቸው እያሰሙ ዘፈኑባት። መልስ የሚጠብቅ አልነበረም፤ እንዲህ ያለች ሴት እንደምታለቅስ እንጂ እንደምትመልስ ፊልሙ አላስተማራቸውማ። ሁለት ጊዜ አፏን ከፈተች አለችኝ እህቴ። ከዚያ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ ሰርግ ላይ ዘፍና አታውቅም።

እስከዚህ ያለውን ጥፋት አዘጋጁም፣ ተመልካቹም፣ ጎረምሶቹም ይካፈሉኝ ይሆናል። የሚከተለው የብቻዬ ነው።

በዚያው ዓመት ለፋሲካ ስመጣ ገበያ ላይ አገኘኋት። በሽንኩርት ጆንያዎቿ መካከል አስቀመጠችኝ፤ እናቴን ጠየቀችኝ፣ ሥራዬን ጠየቀችኝ። አልተቆጣችም። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አበራዬ፣ ስድቡስ የኛው ነው፣ ስድቡ አልከፋኝም። መልሴን የት አረግኸው?» አለችኝ።

ይህን እርግጠኛ ሆኜ አስታውሳለሁ። እንዲህ ብዬ መለስሁላት፦ «እኔ ጽፌው ነበር፣ እትዬ። አዘጋጁ ነው ያስወጣው። ተጣላሁት፤ አልሰማ አለኝ።»

አልተጣላሁትም። ማንንም ተጣልቼ አላውቅም። ጦይባ እጄን ያዘች። «አብሽር» አለችኝ፤ «አንተማ ምን ታረግ። ግጥሜን መውሰድህን አውፍ ብየሃለሁ፣ ከልቤ። ያን ሰው ግን አላህ ይጠይቀው።» እጇን ዘርግታም በዚያ ሰው ላይ ዱዓ አደረገች፤ እኔም አጠገቧ ተቀምጬ አዳመጥሁ። ያ ሰው ቆቦን አያውቃት፣ እሷንም አያውቃት፤ መጥቶ አይከራከረኝም። ለዚህ ነው የመረጥሁት። ይቅርታዋን ወስጄ፣ አንድ ኪሎ ሽንኩርትም መርቃልኝ፣ ወደ ቤቴ ሄድሁ። በሰላምም አደርሁ። የምጸየፈው ይህን እንቅልፍ ነው።

ነገ ሄጄ ፊት ለፊት እነግራታለሁ ብዬ ብጨርስ ደስ ባለኝ ነበር። ባለፈው ቅዳሜም እንዲሁ ወስኜ ቆቦ ድረስ መጥቼ፣ ባጃጅ ውስጥ እንደ ተቀመጥሁ በጆንያዎቿ አጠገብ አልፌያለሁ። ስለዚህ ራሴን አላምነውም፤ እናንተንም ይቅር በሉኝ አልልም፤ የበደልሁት እናንተን አይደለምና። ይህን ወረቀት ግን እህቴ ዛሬ ወስዳ እንድታነብላት ሰጥቻታለሁ።

እትዬ ጦይባ፣ አውፍ ያልሽኝ ዋሽቼሽ ነው፤ ስለዚህ የእኔ አይደለም፣ ውሰጂው። ዱዓሽንም ከዚያ ሰው ላይ አንሺ። የሚገባው ለእኔ ነው።