ሃያ አንድ ቀን ከዕንቁላሎቹ ጋር

ባለፈው ሳምንት ልጄ አንድ የፕላስቲክ የጫጩት ማስፈልፈያ ገዝታ መጣች። መብራት ሲጠፋ ይጮሃል፤ መብራት ደግሞ በየቀኑ ይጠፋል። እሷ ሥራ ስለምትውል ዘብ የሚቆመው ጡረተኛው እኔ ነኝ። ትናንት ሲጮህ ክዳኑን ከፈትኩና ሳላስበው አንዱን ዕንቁላል አንሥቼ የዐይኔ ቆብ ላይ አስጠጋሁት። "አባዬ፣ ምን እያደረግህ ነው?" አለችኝ። ታሪኩ ረጅም ነው ብዬ አለፍኳት።

ዘመኑ ወደ ደርግ መጨረሻ ገደማ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም። ያኔ እንደኔ ያለ ወጣት መንገድ ላይ ከተገኘ ለብሔራዊ ውትድርና ይታፈስ ነበር። እናትና አባታችን ስላለፉ ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ብዙነሽ ናት፤ እትዬ ብዙ እላት ነበር። ናዝሬት ውስጥ ባለ አንድ ክሊኒክ ጤና ረዳት ነበረች። አፈሳው ሲጠነክር፣ "ከዛሬ ጀምሮ ከቤት አትወጣም። ለጠየቀኝ ሁሉ አቦምሳ አዳዳ ጫልቱ ጋ ሄዷል እላለሁ" አለችኝ። አዳዳ ጫልቱ የአባታችን እህት ናቸው። የእውነቷን እንዳትልከኝ የመንገዱን ኬላ ፈራች።

ቤት መዋል መጀመሪያ ዕረፍት ይመስላል። ሁለት ሳምንት ሲሞላ ግን ምንም ሳይሠሩ መድከም እንዳለ አወቅሁ። ሚያዝያ ነበር። የቆርቆሮው ጣሪያ ከረፋዱ ጀምሮ በሙቀት ይንጣጣል፤ አቧራው በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ የተከደነው ሽሮ ላይ ሳይቀር ያርፋል። የጋሪ ፈረሶች ኮቴ እየሰማሁ የትኛው ወደ ገበያ፣ የትኛው ወደ መናኸሪያ እንደሚሄድ መገመት ሥራዬ ሆነ።

እትዬ ብዙ ይህን አይታ ይመስለኛል፣ አንድ ቅዳሜ ከቢሾፍቱ ሃያ አራት ዕንቁላል በጭኗ ላይ ታቅፋ በአውቶቡስ መጣች። "የፈረንጅ ዶሮ አትታቀፍም አሉኝ። እንግዲህ አንተ ታቀፍ" አለችኝ።

የጣውላ ሣጥን ውስጥ ጭድ ጎዘጎዝን፤ በክዳኑ ቀዳዳ አምፖል አንጠለጠልን፤ ጥግ ላይ ውኃ በጣሳ አስቀመጥን። ሙቀቱ ከሠላሳ ስምንት ብዙ መራቅ የለበትም ተባለ። እትዬ ብዙ ከክሊኒክ ያመጣችው የበሽተኛ ቴርሞሜትር ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ አርባን እያሳየኝ አምፖሉን ወደ ላይ ስስብ፣ ስስብ ዋልኩ። ማታ እትዬ ብዙ ዕንቁላሎቹን ዳሰሰችና፣ "ቀዝቅዘዋል እኮ" አለች። ቴርሞሜትሩን ነጥቃ አራገፈችው። "ይሄ ካላራገፉት አይወርድም። ትናንት የነበረውን ትኩሳት ነው ስታነብ የከረምከው።" ለመሳቅ ሞከረች፤ ግን ድካሙ ሳቁን ቀደመው።

ከዚያ በኋላ ተማርኩ። ጠዋት አምፖሉን ዝቅ፣ ቀን ከፍ፤ በቀን ሦስት ጊዜ ዕንቁላሎቹን ማገላበጥ። በአሥራ አራተኛው ቀን ግን ምሳ በልቼ እንቅልፍ ጣለኝ። ስነቃ ስምንት ሰዓት አልፏል። ሜርኩሪው የመጨረሻውን ቁጥር አልፎ ነበር። አምፖሉን ነቀልኩ፤ ለውጥ የለም፤ ጣሪያው ራሱ ምድጃ ሆኗል። ሌላ ነገር ሳላስብ ሣጥኑን ተሸክሜ ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር አወጣሁት።

ቀና ስል ጋሽ ከድር ከቅንጭቡ አጥር ማዶ ቆመው ያዩኛል።

ጋሽ ከድር ወሎ ተወልደው ናዝሬት ሱቅ ከፍተው የኖሩ ጎረቤታችን ናቸው። በዚያ ሰሞን ቀበሌው ጠመንጃ አስይዞ የሰፈር ጥበቃ አድርጓቸዋል። የተደበቀ ወጣት ይዞ ማስረከብም ሥራቸው ነበር። እሳቸው በሩን ገፋ አድርገው ገቡ፤ ጠመንጃውን ከዛፉ አስደገፉና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አንድ ዕንቁላል አንሥተው ዐይናቸውን ጨፍነው ቆቡ ላይ አኖሩት።

"በዝቶበታል" አሉ። "ክፈተው፣ ይተንፍስ። ዶሮም እኮ ለመብላት ትነሣለች፤ ትንሽ ብርድ ይችላል። የማይችለው ሙቀት ነው። ስትመልሰው እርጥብ ጆንያ አልብሰው። ስንት ቀኑ ነው?"

"አሥራ አራት።"

"ሰባት ቀርቶታል።"

"ጋሽ ከድር፣ እባክዎ..." ብዬ ጀመርኩ። ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ።

"ደክሞኛል ልጄ" አሉኝ። "አንተን ደግሞ ቀበሌ ድረስ መንዳት አልችልም።"

ማታ ለእትዬ ብዙ ስነግራት አንድ እግር ጫማዋን አውልቃ ሌላውን ሳታወልቅ ቀረች። "ስንት ሰው መርፌ ስወጋ እንደዋልኩ አላውቅም። ዛሬ ማሰብ አልችልም። ነገ እናስባለን" አለችና ጸለየች፤ ድምፅ ሳታሰማ።

በማግሥቱ ማንም አልመጣም። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ጋሽ ከድር ግን በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ በአጥሩ ሲያልፉ ሳል ያደርጉና፣ "ስንት ነው?" ይላሉ። በመስኮቱ ስንጥቅ፣ "ሠላሳ ስምንት ተኩል" እላለሁ። "አብሽር" ብለው ያልፋሉ።

በሃያ አንደኛው ቀን ከሃያ አራቱ ዘጠኙ ተፈለፈሉ። ካልተፈለፈሉት አንዱን ስሰብረው ሙሉ ጫጩት ነበር፤ ላባው ሳይቀር። ያቺን የምሳ እንቅልፌን አሰብኩ። እትዬ ብዙ የቀሩትን በጋዜጣ ጠቀለለችና፣ "ዘጠኝም ይበቃናል" አለች።

በማግሥቱ ጋሽ ከድር ሲያልፉ ዘጠኝ መሆናቸውን ነገርኳቸው። ከአጥሩ ጠጋ ብለው የጫጩቶቹን ድምፅ አዳመጡ። ከዚያ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው፣ "ነገ ጠዋት ፍተሻው ቤት ለቤት ነው" ብለውኝ ሄዱ።

እትዬ ብዙ ልጁን ያከመችለት አንድ የሽንኩርት መኪና ሾፌር ነበር። በዚያው ቀን አመሻሹ ላይ ከባዶ ጆንያዎች ሥር ተኝቼ የመልካሳን ድልድይ ተሻገርኩ። ኬላው ላይ መኪናው ሲቆም የሽንኩርቱ ሽታ ዐይኔን ያስለቅሰኝ ነበር፤ ማስነጠሴን በጥርሴ ያዝኩት። አቦምሳ ደረስኩ፤ መንግሥት እስኪለወጥም እዚያው ቆየሁ።

ስመለስ ዶሮዎቹ ተባዝተው ነበር። ጋሽ ከድር ግን ሱቃቸውን ዘግተው ወሎ ገብተዋል። እትዬ ብዙ ያኔ ነው የነገረችኝ፤ እኔ ከመደበቄ ሁለት ዓመት በፊት ወሎ የነበረው ወንድ ልጃቸው ታፍሶ ሄዷል፤ ደብዳቤ እንኳ አልመጣም። ለምን ቀደም ብለሽ አልነገርሽኝም ብላት፣ "አንተ ላይ ሌላ ሸክም መጨመር አልፈለግሁም" አለችኝ።

ብዙ ዓመት አንድ ነገር አብሰለስል ነበር፤ ጋሽ ከድር ያን ቀን የተዉኝ አዝነውልኝ ነው ወይስ በእርግጥ ደክሟቸው? አመሰግናቸው ዘንድ መልሱን ማወቅ ያለብኝ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ዕድሜዬ እሳቸው ያኔ ከነበሩበት ሲያልፍ ጥያቄው ራሱ የልጅ ጥያቄ ሆኖ ታየኝ። የደከመው ሰው ከተሸከመው አንዱን ማውረዱ አይቀርም። አብዛኞቻችን መጀመሪያ የምናወርደው ደግነታችንን ነው። ጋሽ ከድር ያን ቀን ያወረዱት ጠመንጃውን ነው።