ለዘፈኑ ጎረምሳ ሽማግሌ ሆነን

የያዙኝ ሸክላ እየሰማሁ ነው። ማጫወቻዬንም አብረው ጫኑት። እኔ ምርመራ ስገባ እሱ አዛዡ ቢሮ ገባ፤ ከሁለታችን የተሻለ እስር የደረሰው እሱ ነው።

ክፍሏ የክብሪት ቀፎ ታህላለች። አንዱ ጎኑን መለወጥ ከፈለገ ሁላችንም ተመካክረን እንዞራለን። የሽንት ባልዲው በሩ ሥር ነው፤ የአዲስ ገቢ ቦታ ደግሞ ባልዲው ሥር። በክፍሉ ደንብ አዲስ ገቢ ይዘፍናል። እኔም ያችኑ ስያዝ ሸክላዬ ላይ የቀረችውን ሮክ ኤንድ ሮል ለቀቅኩባቸው። ትኋኖቹ ሳይቀሩ ደነገጡ።

«ምን ይላል?» አሉኝ ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡ ሽማግሌ። ጋቢያቸውን አጣጥፈው በየማለዳው መጠራትን የሚጠብቁ ሰው ናቸው። ጥሪው ለሚፈታውም ለሚገደለውም አንድ ነበር፦ «ዕቃህን ይዘህ ውጣ።»

«አንድ ጎረምሳ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሞ፣ በአባቴ መኪና ልውሰድሽ ይላታል።»

«አባቷስ?»

«ዘፈኑ ውስጥ የሉም።»

«ሽማግሌ አልላከም?»

«አልላከም፣ አባቴ።»

«እንግዲያው ባለጌ ነው። አባቷ እኔ ነኝ፤ አልሰጥም።»

ክፍሉ በሙሉ ለጎረምሳው አዘነ። በማግስቱ እኔ፣ አንድ ሹፌርና አንድ አስተማሪ ሽማግሌ ሆነን ፊታቸው ቆምን። ተቀመጡ ቢሉን፣ እሺታዎን ሳንሰማ አንቀመጥም አልን።

«ሥራው ምንድን ነው?»

«ይዘፍናል።»

«ሥራውን ነው የጠየቅኩህ።»

ዘመድ አማክሬ ልመልስ ብለው ቀጠሩን። ዘመድ ያሉት ባልዲውን ይሁን ትኋኑን አላውቅም።

በቀጠሮው ቀን ቆመን ሳለን በሩ ተከፈተ። ዘበኛው ስማቸውን ጠራ።

«ዕቃህን ይዘህ ውጣ። ፍጠን!»

«እንግዶች ቆመውብኛል» አሉት።

ጋቢያቸውን ለበሱና ወደ እኛ ዞሩ። «ልጄን ሰጥቻለሁ። መኪናውን ቀስ ብሎ ይንዳ። በሉ አሁን ተቀመጡ።»

ወጡ። ኮቴያቸው እስኪጠፋ ድረስ ማናችንም አልተቀመጥንም። ወዴት እንደወሰዷቸው እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ባለፈው ሳምንት እዚህ ቶሮንቶ፣ ብሉር መንገድ ላይ ካለ ዶናት ቤት ውስጥ የሥራ ብሬክ ላይ ሳለን ያች ዘፈን በሬዲዮ መጣች። ተነሥቼ ቆምኩ።

«ቡናህን ሪፊል ልታደርግ ነው?» አለኝ የሥራ ባልደረባዬ።

«አይደለም። ትለቅ ብዬ ነው።»

እስክታልቅ ቆምኩ። ጎረምሳው ዛሬም በሩ ላይ ይለምናል። ልጅቷ ከተሰጠችው ቆየች፤ እሱ ግን አልሰማም።