የእትዬ ፋጡማ አምሮት

ትናንት ወደ ሳቢያን ሰፈር በሚሄደው ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት በፌስታል ጊሽጣ ይዛ ነበር፤ ያ ጣፋጭ ሽታ አፍንጫዬ ሲደርስ ጡረታ የወጣሁ መምህርት መሆኔን ረስቼ የዘጠኝ ዓመት ቀጣፊ ልጅ ሆንኩ።

በልጅነቴ ድሬ ዳዋ ምኞት ሌላ፣ አምሮት ሌላ ነበር። ምኞት የፈለገውን ያህል ዓመት ይጠብቃል፤ አምሮት ግን የነፍሰ ጡር ነውና ቶሎ ካልወጣላት ሕፃኑ ገላ ላይ ምልክት ይቀራል ይባል ስለነበር፣ «አምሯት ነው» ሲባል ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያለውን አይነፍግም። እኔ ታዲያ ይህችን ቃል ለራሴ ሆድ አዋልኳት፤ ከዚራ ሰፈር ከሚገኘው ከባቡር ጡረተኛው ከጋሽ ተፈራ ግቢ «እናቴን አምሯት» እያልኩ ሦስት ቀን ሙሉ ማንጎ በላሁ። በአራተኛው ቀን እናቴን ገበያ አገኟት። ሆዷ ጠፍጣፋ ነው።

በሳምንቱ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ እትዬ ፋጡማ፣ ከስንት ዓመት ልመና በኋላ ያረገዘችው፣ ጊሽጣ አማራት። ወቅቱ አልፎ የቀረው በጋሽ ተፈራ የጊሽጣ ዛፍ ጫፍ ላይ ያለ አንድ ፍሬ ብቻ ነበር። ሌላ ምግብ አልወርድ ብሏት ከንፈሯ ደርቆ ሳያት እየሮጥኩ ሄድኩ። ጋሽ ተፈራ በበሩ ቀዳዳ አይተውኝ፣ «ዛሬ ደግሞ ማን አረገዘ?» ብለው ጥለውኝ ገቡ።

እያለቀስኩ ተመልሼ ጥፋቴን ነገርኳት። ትቆጣኛለች ስል ሻርፗን ጣል አድርጋ ተነሳች። በዚያ ፀሐይ፣ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ፣ የደቻቱን ወንዝ ድልድይ ቀስ እያልን ተሻገርን።

«አቦ ክፈት ተፈራ! ይሄም ሆድ ትራስ መስሎህ ነው?» አለች በሩን እየመታች።

ጋሽ ተፈራ ከፍተው ሆዷን ሲያዩ፣ በዚያ ዕድሜያቸው መሰላል አቁመው ራሳቸው ወጡ፤ እኔ የመሰላሉን እግር ይዤ በልቤ የማውቀውን መልአክ ሁሉ ተማጸንኩ። እትዬ ፋጡማ እዚያው ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ፍሬውን ገምሳ፣ ጥቁሩን ዘር መዳፏ ላይ እየተፋች ጨረሰችው።

«ወላሂ፣ አሁን ወጣልኝ!»

ዛሬ ያ ግቢ ፎቅ በቅሎበታል፤ ነፍሰ ጡርም ያማራትን በስልክ ታዛለች፣ የማታውቀውን ሰው በር የምታንኳኳበት ምክንያት የለም። ይቆጨኛል። ያን ቀን ግን ስንመለስ፣ እትዬ ፋጡማ ላገኘችው ሰው ሁሉ በአማርኛም በኦሮምኛም በሶማሊኛም፣ «ይህች ልጅ ናት አምሮቴን ያወጣችልኝ» እያለች፣ ስለ ቅጥፈቴ ግን አንዲት ቃል ሳትተነፍስ፣ እኔ አንገቴን ቀና አድርጌ ከፊት ከፊቷ ሄድኩ።