ምራት የማትጠራው ውሻ

ዛሬ ጠዋትም እንደ ትናንትናው አካፋ ይዤ ጓሮ ወጣሁ። የወንድሜ የልጅ ልጅ ከአዲስ አበባ ያመጣው ነጭ ቡችላ በጎመኔ መሃል እንደ ልቡ ሲዞር አድሮ፣ እዚህም እዚያም ጥሎልኝ፣ እሱ በረንዳው ላይ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ባለቤቱም ተኝቷል። ቤት የመጣ እንግዳ ሁሉ «ሲያምር!» እያለ በስልኩ ፎቶ ያነሳዋል፤ ቆሻሻውን የማነሳው ግን እኔ ነኝ። ወገቤ አንዴ ከጎነበሰ ቶሎ አይቃናም። ሰው ፊት መነጫነጭ ደግሞ አልወድም፤ የማጉረመርመው በሆዴ ነው።

ልጁን «አንድ ቦታ እንዲጸዳዳ አስለምደው እንጂ» ስለው፣ «እማማ ደግሞ፣ ውሻ እንደ ሰው ይማራል እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። ይማራል። አንዳንዴ እንዲያውም ከሚገባው በላይ ይማራል። ልጅ ሳለሁ እዚሁ ሆሳዕና፣ እዚሁ ጓሮ ውስጥ አንድ ውሻ ስናስተምር የደረሰብንን ቢሰማ አይስቅም ነበር። ወይም ይብስ ይስቅ ነበር፤ እንጃ።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው። ሆሳዕና ያኔ አንድ ረጅም ጭቃማ መንገድ፣ ግራና ቀኙን የጉራጌ ነጋዴዎች የቆርቆሮ ሱቆች፣ ከሱቆቹ ጀርባ ደግሞ እንሰት፣ አሁንም እንሰት ነበረች። አባቴ አቶ ማዴቦ በአውራጃው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ ሽማግሌ ነበሩ። ታላቅ ወንድሜ ሾኔ ከተማ አስተማሪ ሆኖ ተመድቦ ስለነበር፣ የአንጋጫዋን ታደለችን ያገባ ጊዜ ሙሽራዋን እኛ ቤት ትቷት ሄደ። «ቤት እስካገኝ ነው» አለ። መንገዱ ሲደርቅ ቅዳሜ ቅዳሜ የጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ ይመጣል፤ ዝናብ ከጣለ ግን የለም።

እትዬ ታደለች ብዬ ነበር የምጠራት፤ ዛሬም እንደዚያው ነው። የእሷ የቤት ቋንቋ ከምባትኛ፣ የእኛ ሃዲይኛ ስለሆነ ሁለታችን በትምህርት ቤት አማርኛ ነበር የምናወራው። እሱንም ቃሉን አፏ ውስጥ አገላብጣ አገላብጣ ነው የምታወጣው። ሥራ ላይ እሳት ነበረች። ውላ ታድራለች፣ ትስቃለች፣ ግን ዓይኗ ሁልጊዜ ወደ አንጋጫ መንገድ ነበር።

ከሠርጉ በኋላ ብዙም ሳይቆይ አንድ ጠዋት በሩን ስንከፍት ማር የመሰለ ወንድ ውሻ ደጃፉ ላይ ተኝቶ አገኘን። አንገቱ ላይ ጫፉ የተበጠሰ የቃጫ ገመድ አለ። ከእናቷ ቤት ታስሮ የቀረ ውሻዋ ነው፤ ገመዱን በልቶ፣ ጠረኗን ተከትሎ ያን ሁሉ አቀበትና ቁልቁለት መጥቷል። እትዬ ታደለች ስታየው ነጠላዋን መሬት ላይ ጥላ፣ አንገቱን አቅፋ፣ በሁላችንም ፊት ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ሠርጓ ቀን እንኳ እንደዚያ አላለቀሰችም።

የውሻውን ስም ያወጡት አንጋጫ ያስተምሩ የነበሩ አንድ መምህር ናቸው፤ የጠጉሩን መልክ አይተው ማርዬ አሉት። ጣጣውም ከዚሁ ስም መጣ። በእኛም ሆነ በከምባታ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። ስሙን ብቻ አይደለም፣ በስሙ መነሻ ድምፅ የሚጀምር ሌላ ቃልም ከአፏ አይወጣም። ባሊሻ ይሉታል። አባቴ ማዴቦ ስለሆኑ እትዬ ታደለች «ማሽላ» አትልም፣ «ማታ» አትልም፤ «ሲመሽ» ብላ ታልፈዋለች። እንግዲህ «ማርዬ» ብላ የገዛ ውሻዋን እንዴት ትጥራው? በምላሷ ጠቅ ጠቅ ታደርግለታለች፣ ታጨበጭብለታለች። እሱ ግን ስሙ ካልተጠራ ጆሮ የለውም።

አባቴ የወንጌል ሰው ነበሩና «ተዪው ልጄ፣ ጥሪው፤ ይሄ የድሮ ነገር ነው» ብለዋት ነበር። እሺ ብላ አንገቷን ደፋች፤ አልጠራችውም። የሚታዘቧት ወንዶቹ አይደሉማ፣ ሴቶቹ ናቸው።

ውሻው ደግሞ ጓሯችንን መጸዳጃ አደረገው። እናቴን እንግዲህ ሳታጉረመርም ውሃ የማትጠጣ ሴት አድርጋችሁ አስቧት። ጎመኑ መሃል ባየችው ቁጥር «ኧረ ምን ዓይነት መዓት ነው የመጣብኝ!» እያለች ነው የምታነሳው። በእርግጥ አልፈርድባትም። እንሰት የሚፋቀው እዚያው ጓሮ ውስጥ፣ መሬት ላይ ተቀምጦ ነው። ሴቶቹ ተጠራርተው ይመጣሉ፤ ወንድ ዝር አይልም። ለምለም የእንሰት ቅጠል ይነጠፋል፣ የሚፋቀው ቅጠሉ ላይ ይወርዳል፣ ያ ነው ጉድጓድ ገብቶ፣ ከርሞ ቆጮ የሚሆነው። የዓመት ቀለባችን ነው። ስለዚህ ታኅሣሥ ሲቃረብ እናቴ ቁርጡን ነገረችን።

«ፋቂዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ይሄ ውሻ ልማዱን ከተወ ተወ። ካልተወ አንጋጫ ይመለሳል። የባለቤቴ እህት መጥታ እሱ ላይ ትቀመጥልኝና ጉዴ ይፍላ?»

እትዬ ታደለች ውሃ ልንቀዳ ወንዝ ስንወርድ እንስራዋን አስቀምጣ፣ «እሱ ከሄደ እዚህ የእኔ የምለው አለኝ?» አለችኝ። «እኔስ?» ልላት ነበር። ከፋኝ። ፊቷን ሳየው ግን ተውኩት።

እንግዲህ ማስተማር ጀመርን። ዘዴው የእሷ ነው። ጓሮው ሲያልቅ፣ አጥሩ ጥግ ሳማ የበቀለበት ቦታ ነበር። ሳማውን አጨደችና የእንሰት ቅጠል ቆርጣ አነጠፈችበት፤ ቅጠሉ ላይ ከተጸዳዳ ጠቅልሎ ለመጣል ይመቻል ብላ ነው። ጠረኑ እንዲጠራው ከራሱም ቆሻሻ ትንሽ አመጣችለት። ጎህ ሲቀድ እሷ በገመድ ትይዘዋለች፣ እኔ ወዲያ ማዶ ሆኜ «ማርዬ! ና!» እላለሁ። ስም መጥራት የእኔ ሥራ ነበር። ኅዳር ነው፤ ብርዱ እግር ይቆርጣል፣ እንሰቱ ላይ ያደረው ጤዛ ማጅራታችን ላይ ይንጠባጠባል። እሱ ደግሞ ቁጭ ብሎ ያየናል። እኛ እንንቀጠቀጣለን፣ እሱ ያዛጋል። ደክሞን የለቀቅነው ጊዜ ቀጥ ብሎ ሄዶ ጎመኑ ውስጥ! ስንት ጠዋት እንዲያ ተጫወተብን። ትምህርት ቤት ገብቼ ዴስክ ላይ የተኛሁበት ቀን ሁሉ አለ።

አንድ ጠዋት ግን ቅጠሉን አሸተተ፣ ዞረ ዞረና ላዩ ላይ ተቀመጠ። እትዬ ታደለች አፏን በነጠላ አፍና ዘለለች። ለሽልማቱም የቆጮ ቅርፊት አጎረሰችው። በማግስቱም ደገመ። ከዚያ በኋላ ገመድም አላስፈለገው፤ ጠዋት ራሱ ሄዶ ተጸዳድቶ፣ ቅርፊቱን ፍለጋ ጅራቱን እየቆላ ይመጣል። እናቴ ሳትቀር ጓሮውን ዞራ አይታ፣ «እስቲ ይሁና» አለች። ከእሷ አፍ ይሄ ትልቅ ምስጋና ነው።

ያኔ ማናችንም ያላሰብነው ነገር፣ እኛ ጥጉን ያስተማርነው መስሎን ውሻው የተማረው ቅጠሉን መሆኑ ነው።

እንሰቱ የሚፋቅበት ቀን ደረሰ። የአባቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ፣ ቀድማ መጥታ ከመሃል ተቀመጠች። በአገሩ የታወቀች ምላሰኛ ናት፤ አዲስ ምራት የሚመዘነው በእሷ ዓይን ነበር። እትዬ ታደለች ያን ዕለት በባሏ ዘመዶች ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ መሥራቷ ነው። ማርዬን ከቤቱ ፊት ለፊት ካለው ግንድ ጋር ጠፍረን አሰርነው። ጓሮው ውስጥ ቅጠሉ ተነጠፈ፤ አረንጓዴ፣ ሰፊ፣ ንጹሕ፣ እንደ ምንጣፍ። እንሰቱ ተገነደሰ፣ ሴቶቹ አንዳንድ እግራቸውን አንስተው እንሰቱ በተደገፈበት ጣውላ ላይ አሳርፈው መፋቅ ያዙ። ወሬውና ሳቁ ደራ።

እኔ ከእናቴ ጎን ነበርኩ። ቀና ስል እትዬ ታደለች የተላጠ እንሰት በሁለት እጇ ታቅፋ ቆማለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ወዳየችበት አየሁ። ማርዬ ገመዱን በልቶ መጥቷል። አክስቴ አጠገብ ገና ያልተነካ ቅጠል ተነጥፎ ነበር፤ አሸተተው፣ ዞረ፣ ዞረ።

እትዬ ታደለች አፏን ከፈተች። አክስቴን አየች፣ እናቴን አየች። አፏን መልሳ ዘጋች። በምላሷ ጠቅ አደረገች፤ ማን ይስማት? እኔ ነቅቼ «ማርዬ!» ብዬ ስጮህ ነገሩ አልቆ ነበር። እሱም ሥራውን ጨርሶ፣ ጅራቱን እየቆላ ቅርፊቱን ሊቀበል እሷ እግር ሥር መጥቶ ቆመ።

«ጌታ ሆይ! እህል ላይ!» አክስቴ መፋቂያዋን ወረወረች። «ከአንጋጫ ይዛልን የመጣችው ይሄን ነው? ዛሬውኑ ይሂድልኝ! ከፈለገች እሷም ትከተለው!»

ሴቶቹ መፋቃቸውን አቆሙ። እትዬ ታደለች እንሰቱን እንደታቀፈች ቆማ ቀረች፤ እንባዋ እየወረደ መጥረጊያ እጅ የላትም። ዘንድሮ ትዳሯ አበቃ ብዬ ፈራሁ። አክስቴ ያለችው በአባቴ ቤት መሬት ጠብ አይልም ነበር።

እናቴ ተነሳች። ስትነሳም እያጉረመረመች ነው። «ወይኔ ጉልበቴ! ወይ የእኔ ዕዳ! ያንን ሁሉ ጠዋት በብርድ የተንቀጠቀጣችሁት ይሄን ልታስተምሩት ነው?» ቅጠሉን በአራቱም ማዕዘን ያዘች፣ ጠቀለለችው፣ ወስዳ ለጋው እንሰት ሥር በእግሯ አፈር መለሰችበት። እጇን ታጠበች። ከዚያ አክስቴ ፊት መጥታ ቆመች።

«ስሙን ብትጠራው ይመለስ ነበር» አለቻት። «አይቻታለሁ። አፏን ከፍታ ዘጋችው። የወንድምሽን ስም መነሻ እንዳትጠራ ብላ ነው በዚህ ሁሉ ሰው ፊት የተዋረደችው። አክብራን ዝም ያለችውን እናባርራት?»

አክስቴ የወረወረችውን መፋቂያ ፈልጋ ያዘችና፣ ዓይኗን ሳታነሳ፣ «በሉ ሌላ ቅጠል አምጡ፤ ፀሐዩ ሄደ» አለች።

እናቴ ደግሞ ወደ እትዬ ታደለች ዞራ፣ «አንቺስ ምን ይገትርሻል? የያዝሽውን አምጪ እንጂ! ውሻሽን ያሰርሽው በቃጫ ነው በጤዛ?» ብላ ጮኸችባት። እትዬ ታደለች እያለቀሰች ሳቀች። እኛ ቤት ከመጣች ጀምሮ እናቴ እንደ ልጇ ስትቆጣት ያየሁት ያን ቀን ነው፤ እስከዚያ ድረስ ስለ ውሻው እንጂ ለእሷ ለራሷ ክፉም ደግም ቃል አውጥታ አታውቅም።

ለውሻው ሌላ ስም አወጣንለት። ምን ዋጋ አለው፣ አልሰማ አለ። ስለዚህ በጠፋ ቁጥር እትዬ ታደለች «እማዬ፣ ይጥሩልኝ» ትላለች። እናቴን የሚከለክላት የአያቴ ስም እንጂ የአባቴ አይደለም። የያዘችውን ሥራ ጥላ፣ «አሁን የእኔ ዕድሜ ውሻ መጥሪያ ነው?» እያለች ደጃፍ ወጥታ «ማርዬ!» ትላለች። ወንድሜ እዚያ ሾኔ ከተማ ቤት አግኝቶ እስኪወስዳቸው ድረስ እንዲሁ ኖሩ።

ወንድሜ ከሞተ ቆየ። እትዬ ታደለች አሁን ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ካቻምና ግማሽ ጎኗ አልታዘዝ ካላት ወዲህ አልጋ ላይ ናት፤ የማነሳት፣ ገላዋን የማጥብላት፣ የምለውጣት እኔ ነኝ። እውነቱን ልናገርና ደክሞኛል። ማልቀስ እንኳ ጉልበት ይጠይቃል።

ዛሬ ከጓሮ ስገባ አንሶላዋ ርሶ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አገኘኋት። «አስቸገርኩሽ» አለች። «ኧረ ምንም አይደል» አልኳት፣ እንደ ሁልጊዜው። ዝም ብዬ ገለበጥኳት፣ ዝም ብዬ አጠብኳት።

«ተቆጪኝ» አለችኝ።

«ምን?»

«እናትሽ የውሻዬን ቆሻሻ ተቆጥታ ነበር የምታነሳው። ስትቆጣኝ የቤቱ ሰው ነኝ እል ነበር። አንቺ እንዲህ ዝም ስትዪ እንግዳ ሆኜ የሰነበትኩብሽ ይመስለኛል።»

እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ዝምታዬን ጨዋነት ብዬው ነበር። ድካሜን ከእሷ መደበቄ ነበር፤ እሷ ደግሞ በሩን የዘጋሁባት መስሏት ግድግዳውን ስታይ ከረመች።

«ወገቤን እኮ ገደልሽው!» አልኳት። ድምፄ ለራሴም አዲስ ሆነብኝ። «ሲመሽ ሾርባውን አታብዢ አላልኩሽም? ማን ሊያጥብልሽ ነው? ደግሞ ጓሮው ውስጥ ሌላ ጌታ አለብኝ!» አንዴ ከወጣ ወዲያ አላባራም አለኝ፤ የወንድሜን የልጅ ልጅም፣ ቡችላውንም፣ ሁሉንም ተራገምኩ።

እትዬ ታደለች በሚታዘዛት ግማሽ ፊቷ ሳቀች። ደህና በሆነው እጇ አንሶላውን ከሥሯ ሳብ አድርጋ አቀበለችኝ።