የፍየሏ ዩኒፎርም

ክሩን በምራቁ ያረጥባል፣ በመርፌው ቀዳዳ ያሾልካል፣ ጫፉን ይቋጥራል። ከዚያ የደንበኛውን ሱሪ ገልብጦ ጠርዙን ያጥፋል። ልብስ ሰፊው ወታደር ነበር፤ ዛሬም ወገቡን ቀጥ አድርጎ ነው የሚቀመጠው።

ከጦሩ ጋር ባሕር ማዶ ለግዳጅ ሄዶ ሳለ፣ በአንድ የእረፍት ቀን ለካምፑ ፍየል የሻለቃ ዩኒፎርም ከነማዕረጉ ሰፋላት። በማግስቱ ሦስት ጓደኞቹ በገመድ እየጎተቱ የጠዋቱ ሰልፍ መሃል አስገቧት። ሻለቃው «የማን ሥራ ነው?» ብሎ ሲያፈጥጥ፣ ሦስቱም ጣታቸውን ወደ ልብስ ሰፊው ቀሰሩ። ከሠራዊቱ የተባረረው እሱ ብቻ ነው።

ከሦስቱ አንዱ አሁን ሬዲዮ ላይ ቀልዱን የራሱ አድርጎ ያወራል። «አንድ ፈሪ ልብስ ሰፊ ነበረን፤ እጁ እየተንቀጠቀጠ ሰፋልኝ!»

ልብስ ሰፊው ሬዲዮውን አይዘጋም። ሱሪውን አጣጥፎ፣ ቀልዱን ሰምቶ ለሚስቀው ደንበኛ ያስረክባል።

«ሳቅ፣ ያስቃል እኮ። ግን የኔ ወንድም፣ ያን ሰው ካገኘኸው አደራህን፣ ገመዱን ማን ይዞ እንደነበር ጠይቅልኝ።»